ጹኪሚ፦ ስለ ጃፓናውያን የመፀው ጨረቃ ማየት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቶኪዮ ውስጥ ካጹሺካ በሚባለው ሰፈር ስለምኖር፣ መስከረም በጠባ ቁጥር ከሀገር ቤትም ከዚሁም ወዳጆቼ የሚጠይቁኝን ሰብስቤ እነሆ።

ጹኪሚ ምንድን ነው?

«ጹኪ» ጨረቃ፣ «ሚ» ማየት ነው። ጨረቃ ማየት፤ በቃ ይኸው ነው። በድሮው የጨረቃ አቆጣጠር በስምንተኛው ወር፣ በዐሥራ አምስተኛው ሌሊት፣ ጃፓናውያን በረንዳቸው ላይ ወይም መስኮት ሥር አነስ ያለች ገበታ ያሰናዳሉ። ከሩዝ ዱቄት ተድቦልቡሎ የተሠራ ዳንጎ ይደረድራሉ፣ ከአዲሱ ምርት የተቀቀለ ጎደሬ ያኖራሉ፣ አጠገቡ በዕቃ ሣር ያቆማሉ። ከዚያ ቁጭ ብለው ጨረቃዋን ያያሉ። ርችት የለም፣ ጭፈራ የለም። ጨረቃዋ ከፍ ካለች በኋላ የቀረበውን ተካፍለው ይበላሉ።

ልማዱ መጀመሪያ የመጣው ከቻይና ነው። በሄያን ዘመን (794–1185) የኪዮቶ መኳንንት በኩሬ ላይ በጀልባ ሆነው ግጥም እየገጠሙ፣ ሙዚቃ እያሰሙ ያመሹ ነበር። የሚገርመኝ፣ ወደ ሰማይ አንጋጠው ከማየት ይልቅ ጨረቃዋ በውኃው ላይ ወይም በያዙት የመጠጥ ጽዋ ውስጥ ስታበራ ማየት ይበልጥባቸው ነበር። በኤዶ ዘመን (1603–1868) ልማዱ ወደ ሕዝቡ ሲወርድ ገበሬው የራሱን ነገር ጨመረበት፤ ይኸውም ስለ አዲሱ ምርት ማመስገን ነው። ዛሬ ገበታው ላይ የምታዩት ጎደሬ፣ ሣርና ሩዝ የገበሬው እጅ ነው፤ እኔም ጹኪሚን የወደድኩት ከዚህ በኩል ነው።

መቼ ነው የሚውለው?

ዋናው ሌሊት «ጁጎያ» ይባላል፤ ዐሥራ አምስተኛዋ ሌሊት ማለት ነው። ጃፓን በፈረንጆች ጃንዋሪ 1 ቀን 1873 የፈረንጆችን አቆጣጠር ስትይዝ ሌሎች ብዙ በዓላት ቀናቸው ተተከለ፣ ጁጎያ ግን ከጨረቃዋ ጋር ቀረ። ስለዚህ እንደ ፋሲካ በየዓመቱ ይዘዋወራል። ባሕረ ሐሳብ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አያስቸግርም። አብዛኛውን ጊዜ በእኛ መስከረም ውስጥ ይውላል፣ አንዳንዴም ወደ ጳጉሜን ይሳባል።

በ2018 ዓ.ም. መስከረም 26 ነበር። በ2019 መስከረም 15፣ በ2020 መስከረም 4፣ በ2021 መስከረም 23 ይሆናል። ከጁጎያ በኋላ ወር ሊሞላ ሲል ደግሞ ሁለተኛ ሌሊት አለ፤ «ጁሳንያ» ይሉታል፣ የዘጠነኛው ወር ዐሥራ ሦስተኛ ሌሊት ነው። የ2019ኙ ጥቅምት 13 ላይ ይውላል። ልብ በሉልኝ፦ በዚያ ዓመት ዐሥራ አምስተኛዋ ሌሊት በእኛም 15፣ ዐሥራ ሦስተኛዋም በእኛ 13 ላይ ናት። በየዓመቱ የሚገጥም ነገር ስላልሆነ እኔ ከአሁኑ ቀን መቁጠሪያዬ ላይ አክብቤዋለሁ።

ሥራ ይዘጋል?

አይዘጋም። ሰው ሥራውን ውሎ፣ ሲመለስ ከሱቅ ዳንጎ ገዝቶ ይገባል። በዚያው ሰሞን የሚዘጋው የመፀው ዕለተ ዕሪና (ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ቀን) ስለሆነ ሰዎች ሁለቱን ያምታታሉ።

ገበታው ላይ ምን ምን ይቀርባል?

ዳንጎውና ጎደሬው ዋናዎቹ ናቸው። ከእነሱ ጋር የወቅቱ ፍሬ ይቀርባል፤ ወይን፣ ካኪ የሚባለው ብርቱካንማ ፍሬ፣ ስኳር ድንች፣ የአኩሪ አተር እሸት ከነቅርፊቱ፣ ኩሪ የሚሉት ጠንካራ ቅርፊት ያለው የዛፍ ፍሬ። ይህኛው ሲጠበስ ጣዕሙ ወደ ስኳር ድንች ያደላል። አዋቂ ያለበት ቤት የሩዝ መጠጥ፣ ሳኬ፣ ይጨመራል። ዳንጎው የሚቀመጥበት ዕቃ «ሳንቦ» ይባላል፤ ቀለም ያልተቀባ የእንጨት ገበታ ሆኖ ከፍ ያለ እግሩ በሦስት ጎኑ ተበስቷል። ሳንቦ የሌለው በሰፊ ሳህን ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፎ ያቀርባል፤ ማንም ነውር አይለውም።

በሁለተኛው ሌሊት፣ በጁሳንያ፣ ኩሪና አኩሪ አተር ስለሚደርሱ ያቺን ጨረቃ «የኩሪ ጨረቃ» ወይም «የባቄላ ጨረቃ» ይሏታል። የመጀመሪያዋ ስም ደግሞ «ኢሞ ሜይጌጹ» ነው፤ የጎደሬ ጨረቃ።

ጎደሬ? የእኛው ጎደሬ?

አዎ፣ ራሱ። ጃፓኖች «ሳቶኢሞ» የሚሉት ተክል በሳይንስ ስሙ ኮሎካሲያ ኤስኩሌንታ ነው፤ ወላይታና ዳውሮ፣ ከፋና ሸካ የሚበላው ጎደሬም እሱ ነው። የዝርያው መጠን ይለያል። የጃፓኑ ትንሽ፣ ፀጉራም፣ የዶሮ እንቁላል የሚያክል ነው። ጥሬውን ስትልጡት እጅ ማሳከኩ ግን እዚያም እዚህም አንድ ነው።

ለጹኪሚ የሚቀርበው «ኪኑካጹጊ» የሚሉት ነው። ትንንሹን ጎደሬ ከነልጣጩ ያጥቡትና አናቱን በቢላ ዙሪያውን ጫር አድርገው በእንፋሎት ያበስሉታል። ሲበስል በሁለት ጣታችሁ ከታች ጨመቅ ስታደርጉት ነጩ ሥጋ ከቡናማው ልጣጭ ሙልጭ ብሎ ይወጣል፤ ትኩሱን ጨው ነካ አድርጋችሁ ትበሉታላችሁ። ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው፦ በሄያን ዘመን ሴት ወይዛዝርት ሲወጡ ከራሳቸው ጀምሮ የሚከናነቡት ልብስ ነበራቸው፣ ልጣጩን ግማሽ ለብሶ የሚታየው ጎደሬም ያንን መስሏቸው ነው። ነጠላ የተከናነበች ሴት ላየ ሰው ምስሉ ወዲያው ይገባዋል። ወላይታ ያደገች ጓደኛዬ መጀመሪያ ስትቀምሰው «ይሄማ ቤቴ ነው» ብላ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው።

ሣሩ ለምንድን ነው?

ሣሩ «ሱሱኪ» ነው። ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል፣ ጫፉ ላይ ብርማ ዘለላ አለው፣ ቅጠሉ ጠርዙ ስለት ስለሆነ እጅ ይቆርጣል። እኛ ጋ ሰንበሌጥ የሚሠራውን ሥራ እዚህ ሱሱኪ ሲሠራ ኖሯል፤ የድሮ የገጠር ቤቶች ጣራ የሚከደነው በእሱና በመሰሎቹ ነበር።

ገበታው ላይ የመጣበት ምክንያት ሩዝ ነው። በዚያ ወቅት ሩዙ ገና ስላልታጨደ የሩዝ ዛላ የሚመስለው ሱሱኪ በምትኩ ቆመ። አገዳው ውስጡ ክፍት ስለሆነ መንፈስ ያርፍበታል፣ ስለታሙ ቅጠልም ክፉ ነገር ያርቃል የሚል እምነትም አለ፤ ከጹኪሚ በኋላ ጣራ ጠርዝ ላይ የሚሰቅሉት ቤቱን ከበሽታ እንዲጠብቅ ነው። ከሜዳ ልትቆርጡ ከወጣችሁ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ በወንዝ ዳር በብዛት የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ «ኦጊ» የሚባል ዘመዱ ነው። ሱሱኪ ደረቅ ቦታ ይወዳል፣ በአንድ ሥር ብዙ ሆኖ እንደ እቅፍ ይበቅላል። እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ ኦጊ ስሰካ ቆይቼ ነው ጎረቤቴ የሆኑ ባልቴት በትሕትና የነገሩኝ።

ዳንጎው ስንት ነው? እንዴትስ ይደረደራል?

ለዐሥራ አምስተኛዋ ሌሊት 15፣ ለዐሥራ ሦስተኛዋ 13። በዓመቱ ወራት ልክ 12 የሚያደርግ ቤትም አለ። አሥራ አምስቱ ሲደረደር ከታች 9 (ሦስት በሦስት)፣ በላዩ 4፣ ከላይ 2 ይሆናል። ከላይ ያሉትን ሁለቱን ከፊት ወደ ኋላ አሰልፏቸው፤ ፊት ለፊት ሲታይ አንድ መስሎ መታየት አለበት። ጎን ለጎን ማስቀመጥ የቀብርና የሙት መታሰቢያ አቀራረብ ስለሆነ ሽማግሌ ያለበት ቤት ዓይን ይገባል። ለአሥራ ሦስቱ 9 ከታች፣ 4 ከላይ ነው።

በመላው ጃፓን ዳንጎው አንድ ዓይነት ነው?

አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። በቶኪዮና በአካባቢው ነጭ ክብ ነው፣ ምንም አይቀባም። በኪዮቶና በኦሳካ በኩል ጫፉ ሾጠጥ ያለ የጎደሬ ቅርጽ ይይዝና ወገቡ ላይ ቀይ የአዙኪ ባቄላ ጣፋጭ ድልህ («አንኮ») ይጠመጠምበታል። ባቄላው ደመና፣ ነጩ ጨረቃ ነው የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን ከነቅርጹ ጎደሬው ራሱ ነው የሚታየኝ። በናጎያ እንደ እንባ ጠብታ ሾጠጥ አድርገው ነጭ፣ ሮዝና ቡናማ ይሠሩታል። በሺዙኦካ መሐሉን ጎድጎድ ያደርጉና «ሄሶሞቺ»፣ የእምብርት ሞቺ (ሞቺ የሚሉት ተወቅጦ የሚሠራ የሙጫማ ሩዝ ሊጥ ነው)፣ ብለው እጎድጓዳው ላይ አንኮ ያኖሩበታል።

ኦኪናዋ ስትደርሱ ጭራሹን ይለያል። «ፉቻጊ» ይሉታል፤ ሞላላ የሩዝ ሊጥ ሆኖ ዙሪያውን ጣፋጭ ያልሆነ የተቀቀለ አዙኪ ባቄላ ከነፍሬው ይለጠፍበታል። መጀመሪያ ስታዩት የጣፋጭ ወገን አይመስላችሁም፣ ስትቀምሱትም አይደለም።

ቤቴ ልሠራው እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ወሳኙ ዱቄቱ ነው። ጃፓን ውስጥ ሁለት ዓይነት የሩዝ ዱቄት አለ፤ ከተራው ሩዝ የሚፈጨው («ጆሺንኮ») እና ከሙጫማው ሩዝ የሚሠራው («ሺራታማኮ»)። ዋሽንግተን፣ ቴላቪቭ ወይም ዱባይ ያላችሁ የእስያ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሁለቱንም ታገኛላችሁ። ለ15 ፍሬ ከየዓይነቱ 100 ግራም ቀላቅሉ። ለብ ያለ ውኃ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፤ በድምሩ 150 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይበቃል፣ ግን በልኬት ሳይሆን በእጃችሁ ተመሩ። ጃፓኖች «እንደ ጆሮ እስኪለሰልስ» ይላሉ፤ ጉትቻ የሚንጠለጠልበትን የጆሯችሁን ጫፍ ጨመቅ አድርጉና ሊጡን ጨመቅ አድርጉ፣ እኩል ሲሆን ደርሷል። ከተሰነጣጠቀ ውኃ ጎድሎታል።

ለ15 ከፍላችሁ በመዳፋችሁ አድቦልቡሉ። በብዙ የፈላ ውኃ ውስጥ ጣሉት፤ መጀመሪያ ይሰምጣል፣ ሲበስል ተንሳፎ ይመጣል። ከተንሳፈፈ በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጨምሩለትና ወደ ቀዝቃዛ ውኃ አውጡት፤ ይህን ከዘለላችሁ እርስ በርሱ ይጣበቃል። አዲስ አበባ ሆናችሁ ያላችሁ ተራ የሩዝ ዱቄት ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ የፎገራ ሩዝ አስፈጭታችሁ፣ በሞቀ ውኃ አቡኩት፣ ቆርሳችሁ 20 ደቂቃ ያህል በእንፋሎት አብስሉት፣ ከዚያ ትኩሱን በሙቀጫ ወይም በዳቦ መዳመጫ ጫፍ ደህና አድርጋችሁ ውቀጡትና አድቦልቡሉት። ሲያድር ይደርቃል፤ የዕለቱን በዕለቱ ብሉት። ባዶውን ጣዕም ስለሌለው ሲበላ ተቆልቶ የተፈጨ የአኩሪ አተር ዱቄት («ኪናኮ») ከስኳር ጋር፣ ወይም አንኮ፣ ወይም አኩሪ አተር ሶስ ከስኳርና ከስታርች ጋር የተንተከተከ መረቅ («ሚታራሺ») ይደረግበታል።

ትንንሽ ልጆችና አረጋውያን ካሉ ቆራርጣችሁ ስጡ። ሙጫማ ክብ ነገር ጉሮሮ ላይ ይቀረቀራል።

ጾም ላይ ይበላል?

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ይህን ነው፤ ለ2019 ደግሞ መልሱ ያስፈልጋችኋል፣ ምክንያቱም መስከረም 15 ዓርብ ነው፣ ጥቅምት 13ም ዓርብ ነው። ዳንጎው ሩዝና ውኃ ነው። አንኮው ባቄላና ስኳር፣ ኪናኮው አኩሪ አተር ነው። ወተት የለው፣ ቅቤ የለው፣ እንቁላል የለው። ጎደሬውም እሸቱም ፍሬውም ያው ናቸው። ሙሉው ባህላዊ ገበታ የጾም ነው ማለት ይቻላል።

የሚያሳስቱት በየምግብ ቤቱ «ጹኪሚ» ተብለው የሚሸጡት ናቸው። ጹኪሚ ሶባና ጹኪሚ ኡዶን የሚባሉት የፓስታ ዓይነት ምግቦች ላያቸው ላይ እንቁላል አለ፣ መረቃቸውም ብዙውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚወጣው። ከሱቅ የምትገዙት ሚታራሺም መረቁ ውስጥ ዓሣ ሊኖር ስለሚችል ጠይቃችሁ ግዙ።

እንቁላሉ ከጨረቃ ጋር ምን አገናኘው?

አስኳሉ ጨረቃ ነው፣ ነጩ ደመና። ትኩስ መረቅ ላይ ጥሬ እንቁላል ሰብረው ሲያሳርፉበት ነጩ ጭጋግ እየመሰለ ይረጋል፣ አስኳሉ መሐሉ ላይ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ በመነሣት የጃፓን ማክዶናልድ በ1991 እ.ኤ.አ. «ጹኪሚ በርገር» የሚል እንቁላል የገባበት በርገር አወጣ፤ ሌሎችም ተከተሉት፣ አሁን በየመፀው ጎዳናው ሁሉ ማስታወቂያው ነው። ወጣቱ ጹኪሚ ደረሰ የሚለው ያንን ሲያይ ነው። ከዳንጎው ጋር ባይተካከልም ስሙን በሰው አፍ ላይ አቆይቶታልና አልጠላውም። ጥሬ እንቁላሉን ግን ሀገር ቤት አትሞክሩት። ጃፓን ውስጥ እንቁላል ጥሬውን እንዲበላ ታስቦ ታጥቦና ተመርምሮ፣ የጥሬ መብያ ቀኑ ተጽፎበት ነው የሚሸጠው።

ጨረቃ ላይ ጥንቸል አለች ይላሉ፤ ምንድን ነው?

ጨረቃዋ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጠብጣብ ለእነሱ ሙቀጫ ፊት ቆማ የምትወቅጥ ጥንቸል ናት። ሥዕሎቹን ብታዩ ትገረማላችሁ፤ ሙቀጫው የእኛው የእንጨት ሙቀጫ፣ የያዘችውም ቀጥ ያለ ወገቡ ቀጠን ያለ ዘነዘና ነው። ቻይናዎች ይህችኑ ጥንቸል መድኃኒት ትወቅጣለች ይላሉ፣ ጃፓን ስትመጣ ግን ሞቺ ነው የምትወቅጠው። አንዱ ምክንያት የቃል ጨዋታ ነው፦ ሙሉ ጨረቃ «ሞቺዙኪ»፣ ሞቺ መውቀጥ «ሞቺጹኪ»።

ጥንቸሏ እዚያ የወጣችበት ታሪክ ከሕንድ በቡድሃ ሃይማኖት በኩል የመጣ ነው። የተራበ ሽማግሌ መስሎ የመጣን አምላክ እንስሳቱ እያንዳንዳቸው ያገኙትን ሲያቀርቡለት፣ ጥንቸሏ የምትሰጠው ስታጣ ራሷን እሳት ውስጥ ጣለች። አምላኩም ስለ ደግነቷ ለዘላለም እንድትታይ መልኳን ጨረቃ ላይ አኖረው ይላል። ምስሏን ከአዲስ አበባ ስትፈልጉ ጃፓን ከሚታየው ዘመም ብላ ነው የምታገኟት፤ የምድር ወገባችን ቅርበት ጨረቃዋን ያዞራታል። አንገታችሁን አዘንብሉ።

ከቻይናውና ከኮሪያው በዓል በምን ይለያል?

ሌሊቱ ያው ነው፣ ወጉ ሌላ ነው። ቻይና ሥራ ዘግታ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ውስጡ የተሞላ «የጨረቃ ኬክ» ትበላለች። በኮሪያ «ቹሶክ» ከዓመቱ ታላላቅ በዓላት አንዱ ነው፤ ሰው ወደ ትውልድ ቀዬው ይጎርፋል፣ የአያት ቅድመ አያት መቃብር ይጎበኛል፣ «ሶንግፕዮን» የሚባል የሩዝ ምግብ ይሠራል። ጃፓን ውስጥ የዘመድ መሰባሰቡና የመቃብር ጉብኝቱ በበጋው የኦቦን (የሙታን መታሰቢያ በዓል) ሰሞን ስለሚያልቅ ጹኪሚ ለቤት ሰው ብቻ ቀረ። ሁለተኛዋ የዐሥራ ሦስተኛ ሌሊት ደግሞ ጃፓናውያን ራሳቸው ያመጧት ናት።

ልጆች ዳንጎ ይሰርቃሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ስሙም «የጹኪሚ ሌቦች» ነው። በድሮ ጊዜ በዚያች ሌሊት ልጆች ጫፉ ላይ ሚስማር ያለው ረጅም ዘንግ ይዘው፣ በአጥር በኩል አሾልከው የጎረቤትን ዳንጎ እየወጉ ይወስዱ ነበር። ባለቤቱ አይቶ እንዳላየ ይሆናል፤ እንዲያውም ልጆቹ ቀና ብለው እንዲያገኙት ወደ በረንዳው ጠርዝ ያስጠጋላቸዋል። ዳንጎ የተሰረቀበት ቤት ዕድለኛ ነው፣ ያልተነካበት ያዝናል።

ልማዱ በአንዳንድ አካባቢ፣ ለምሳሌ በሚዬና በአይቺ፣ ዛሬም አለ፤ አሁን ልጆቹ በር እያንኳኩ ጠይቀው ከረሜላና ብስኩት ይቀበላሉ። ቡሄ ላይ ሙልሙል የተቀበለ ሰው የበሩን ደወል ሲሰማ ሆዱ ባር ባር ይላል።

ጃፓን ከመጣሁ የት ልይ?

ኪዮቶ፣ ዳይካኩጂ። ቦታው የንጉሠ ነገሥት ሳጋ ቤተ መንግሥት ነበር፣ በ876 ቤተ መቅደስ ሆነ። አጠገቡ ባለው ኦሳዋ ኩሬ ላይ እስከ ዛሬ በጹኪሚ ሰሞን ዘንዶ ራስ ያላቸው ጀልባዎች ይንሳፈፋሉ፣ ጨረቃዋም እንደ ጥንቱ ውኃው ላይ ትታያለች። ናራ ውስጥ በሳሩሳዋ ኩሬ ዳር በዚሁ ዕለት የኡኔሜ በዓል ይከበራል። ማጹሞቶ ቤተ መንግሥት በ1630ዎቹ ለጨረቃ ማያ ብቻ የተጨመረ ክፍል አለው፤ የጦር ምሽግ ሆኖ ሳለ ያ ክፍል በሦስት በኩል ወለል ብሎ የተከፈተ፣ ቀይ መደገፊያ ያለው ነው። ጦርነቱ አብቅቶ ሰላም ሲሆን የተሠራ መሆኑ በግልጽ ይታያል።

ቶኪዮ ላላችሁ ሙኮጂማ ሂያካኤን የሚባለው የአትክልት ቦታ ይበቃችኋል። በዚያ ሰሞን ማታ ይከፈታል፣ የወረቀት ፋኖስ ይበራል፣ ሱሱኪውም የመፀው አበቦቹም እዚያው በቅለው ታዩአቸዋላችሁ። ከካጹሺካ ሩቅ አይደለም።

አንዱን ሌሊት አይቼ ሌላውን ብተውስ?

«ካታጹኪሚ» ይባላል፣ የአንድ ወገን ጨረቃ ማየት ማለት ነው፣ መልካም ዕድል አያመጣም ይላሉ። ጁጎያን ካዩ ጁሳንያንም ማየት፣ የሚቻል ከሆነም እዚያው ባዩበት ቦታ። ዛሬ የሚጨነቅበት ሰው ብዙ አይደለም። እኔ ግን ሁለተኛዋን እንዳትተዉ የምመክረው ለዕድሉ አይደለም፤ ጃፓን ላይ ሴፕቴምበር የአውሎ ነፋስና የዝናብ ወር ነው፣ በኦክቶበር መጨረሻ ግን ሰማዩ ይጠራል። ቁርጥ ያለች ጨረቃ የሚያዩት ብዙ ጊዜ በሁለተኛዋ ነው።

በዚያች ሌሊት ጨረቃዋ በእርግጥ ሙሉ ናት?

ብዙ ጊዜ አይደለችም። በድሮው አቆጣጠር ወሩ የሚጀምረው ጨረቃ በምትወለድበት ቀን ነው። ከመወለድ እስከ መሙላት ያለው ጊዜ ግን ሁልጊዜ እኩል አይደለም፤ የጨረቃዋ መንገድ ፍጹም ክብ ስላልሆነ አንዳንዴ ከ14 ቀን ያንሳል፣ አንዳንዴ ከ15 ቀን ተኩል ያልፋል። ስለዚህ ሙላቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይዘገያል። በ2021፣ በ2022 እና በ2023 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ቀኑ ገጠመ፤ ቀጥሎ የሚገጥመው በ2030 ነው። ጁሳንያማ ከነስሟ ያልሞላች ጨረቃ ናት፤ ትንሽ የጎደላትን ጨረቃ ማድነቅ ጃፓኖች የሚኮሩበት ነገር ነው።

የ2019ኙን ሒሳብ ስሠራ ደስ ያለኝ ይህ ነው፦ ጁጎያ መስከረም 15 ሲሆን ጨረቃዋ ሙሉ የምትሆነው በማግስቱ መስከረም 16፣ በኢትዮጵያ ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ49 አካባቢ ነው። ደመራ የሚለኮስበት ምሽት ማለት ነው። ሰማዩ ከጠራ በምሥራቅ በኩል ታገኟታላችሁ።

ጨረቃን ማምለክ ነው እንዴ? ብጋበዝ ልሂድ?

በቅንነት የሚጠየቅ ጥያቄ ስለሆነ በቅንነት ልመልስ። መነሻው ላይ እምነት አለ። የጃፓን ጥንታዊ ሃይማኖት የሆነው የሺንቶ እምነት «ጹኩዮሚ» የሚባል የጨረቃ አምላክ አለው፤ ገበሬው ምርቱን ያቀርብ የነበረው ለማመስገንና ቀጣዩን ለመለመን ነው፣ በአንዳንድ መቅደሶችም ዛሬ በዚያች ሌሊት ሥርዓት ይፈጸማል። ዛሬ በተራው ሰው ቤት የሚደረገው ግን አብዛኛውን ጊዜ የወቅት ልማድ ነው፤ መዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ዳንጎ ያስደቦልቡላሉ፣ የትምህርት ቤት ምሳ ላይም ይቀርባል። ቤት ስትጋበዙ ስገዱ የሚላችሁ የለም። ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ፣ ሲሰጧችሁ ትበላላችሁ። መቅደስ ውስጥ ያለው ሥርዓት ላይ መገኘት የማይመቸው ሰው ደግሞ «ቤት ልይ» ቢል ማንም አይቀየምም። እኔ የማደርገው እንዲሁ ነው።

ደመና ከሆነ ወይም ከዘነበ ምን ይደረጋል?

ገበታው ይቀርባል። ጃፓንኛ ለዚህም ስም አለው፤ ደመና የጋረዳት ሌሊት «ሙጌጹ» (ጨረቃ የሌለበት)፣ ዝናብ የዋጣት «ኡጌጹ» (የዝናብ ጨረቃ) ይባላል። ከደመናው ጀርባ ሰማዩ ትንሽ ሲነጣ እሱንም ያያሉ።

ካመለጠች ደግሞ በማግስቱ ትጠበቃለች። ጨረቃ በየምሽቱ እየዘገየች ነው የምትወጣው፣ በዚህ ወቅት በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል። የዐሥራ ስድስተኛዋ ሌሊት ስሟ «ኢዛዮይ» ነው፤ ልውጣ አልውጣ የምትል፣ የምታመነታ። የ17ኛዋ «ታቺማቺ»፣ ቆሞ የሚጠብቋት። የ18ኛዋ «ኢማቺ»፣ ተቀምጦ የሚጠብቋት። የ19ኛዋ «ኔማቺ»፣ ጋደም ተብሎ። የ20ኛዋ «ፉኬማቺ»፣ ሌሊቱ ገፍቶ። የሰው ልጅ ደጅ ቆሞ፣ ደክሞት ሲቀመጥ፣ ኋላም ጋደም ሲል በስሞቹ ውስጥ ይታያል።

አንድ ዓመት ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ጎረቤቴ ባልቴቷ ሳንቦዋን መስኮቱ ሥር እንደ ልማዳቸው አኖሩ፣ 9፣ 4፣ 2 አድርገው፣ ሱሱኪውንም ከጎኑ አቆሙና ጠሩኝ። መብራቱን አጥፍተን የመስታወቱን ጠብታ እያየን ተቀመጥን። ሦስት ሰዓት ሲሆን «ዛሬ አትመጣም» አሉና ከላይ ካሉት ሁለቱ የፊተኛውን አንሥተው ሰጡኝ።